ክር የማይዘረጋበት ቴላዮ

በዚያ እሑድ ጠዋት ሚሳኦ ኤጉቺ ወደ መምህር ካጂዋራ ቤት የሚያወጣውን ዳገት የተያያዘችው ተናዳ ነው። ባሏ ቴሩሂኮ በሚያዝያ ከሞተ ወዲህ ንዴቷ እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲጋልበው እንደኖረው የኬይሪን፣ ሰው በገንዘብ የሚወራረድበት ውድድር፣ ብስክሌት ሆኖባታል፤ ፍሬን የለውም፣ ፔዳሉ ከኋላው ቸርኬ ጋር ተጣብቆ ይዞራል፣ እግር ካልደከመ በቀር አይቆምም። ጎረቤት «አይዞሽ» ሲላት ትናደዳለች፤ ዝም ሲላትም ትናደዳለች። በምትሠራበት የጫማ ፋብሪካ አለቃዋ «ከፈለግሽ ጥቂት ቀን ዕረፊ» ያላት ጊዜ፣ ቤት ተቀምጣ የማንን ፊት እንድታይ እንደሆነ ጠየቀችው። እስከ ዛሬ ንዴቷ ማረፊያ አጥቶ ሲንከራተት ከርሟል። ዛሬ ግን የሚሄድበትን ቤት ያውቅ ነበር።

ልጇ ሹሄይ ከጎኗ ይራመዳል። ሃያ ዓመት ካለፈው ገና ወራት ነው። ጭኑ የአባቱ፣ ትከሻው የአባቱ፣ ጠብ መፍራቱም የአባቱ ነው።

«እማዬ፣ ዛሬ እንኳ አትከራከሪ» አላት።

«እኔ መቼ ተከራከርኩ?»

«ትናንት፣ ከዓሣ ሻጩ ጋር።»

«ዓሣው የቆየ ነበር።»

«ገና አፉን ይከፍት ነበር እኮ!»

«ሲዋሽ ነው።»

ልጁ ሳቀና ወዲያው ሳቁን ዋጠው። እናቱ አልሳቀችም።

የሚሄዱት ቴላዮ፣ የብስክሌት የብረት አጽም፣ ሊቀበሉ ነበር። ሹሄይ በመኸር ለተወዳዳሪዎች ትምህርት ቤት ዳግም ይፈተናል። አምና ለጥቂት ወድቋል። ከቀድሞ ትምህርት ቤቱ ክበብ የተዋሰው ብስክሌት ጠቦት፣ ሲጋልብ ጉልበቱ ክርኑን ሊነካ ምንም አይቀረውም። ታዲያ እንደ አገሩ ልማድ የቴሩሂኮ አርባ ዘጠነኛ ቀን ሲታሰብ፣ የከተማው የድሮ ተወዳዳሪዎች ሁሉ በተሰበሰቡበት የሟቹ አሠልጣኝ መምህር ካጂዋራ ተነሥቶ፣ «ለቴሩ ልጅ ቴላዮ የምሰጠው እኔ ነኝ» አለ። ቤቱ በሙሉ አለቀሰ። ሚሳኦ «የማንን ቴላዮ?» ልትል አፏን ከፈተች፤ ሰው ሁሉ ስላያት ዘጋችው። ያ ጥያቄ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክቶ ነው የቆየው። የተወዳዳሪ ቴላዮ እንደ ሙሉ ልብስ ነው፤ በባለቤቱ እግርና ክንድ ልክ ይሠራል። ያገለገለ ቴላዮ የሚገዛ ሰው፣ የሌላ ሰው አካል እየገዛ ነው።

ሚሳኦ ከብስክሌት ሰው አልተወለደችም። አባቷ ኡኪሃ ውስጥ ካኪ የሚባለውን ብርቱካንማ ፍሬ ያለማ ነበር። ትምህርቷን እንደጨረሰች ኩሩሜ ከተማ ወርዳ ጫማ ማጣበቅ ጀመረች። ቴሩሂኮን ያገኘችው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ በስንጥር የተሰካ ጥብስ በሚሸጥበት ቤት ነው። ጭኑ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎት በጎን ተቀምጦ ይበላ ነበር። «እግርህን ውጭ አሳድረኸው ብትገባ ይሻል ነበር» አለችው። እሱም ይቅርታ ጠየቃት። ተጋቡ።

የተወዳዳሪ ሚስትነት መጠበቅ ነው። ሰውዬው ወደ መሙ ሲገባ ስልኩን ያስረክባል፤ ለቁማርተኛ ወሬ እንዳያሾልክ ተብሎ ውድድሩ እስኪያልቅ በር ይዘጋበታል። ከሚስቱ ጋር ቃል አይለዋወጥም። ሹሄይ ገና ጡት ሳይተው፣ ሚሳኦ ጓሮ ዳይፐር ስታሰጣ፣ የጎረቤት ሰውዬ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ፣ «ያንቺ ባል መጨረሻው ኩርባ ላይ ተፈጠፈጠና ገንዘቤን በላው» አላት። የባሏን መውደቅ የሰማችው እንዲህ ነው። እርጥቡን ዳይፐር በሰውዬው ፊት ላይ ወርውራ፣ ልጇን አዝላ ባቡር ተሳፈረች።

ሆስፒታል ስትደርስ ቴሩሂኮ የአንገት አጥንቱ ተሰብሮ ተኝቷል። ጓደኞቹ ያመጡት ቴላዮ ከክፍሉ ውጭ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሐምራዊ ነበር፤ ቴሩሂኮ ያን ቀለም የመረጠው በመንደራቸው ቤተ መቅደስ ላይ ከሚንዠረገገው ሐረግ አበባ ነው። ሚሳኦ እንባዋ አልመጣ ሲላት ጎንበስ ብላ ብረቱን ዳሰሰች። ከመሪው ወደ ፔዳሉ የሚወርደው ቱቦ፣ ልክ አንገቱ ሥር፣ በሆዱ በኩል ታጥፏል። ጣቷን እጥፋቱ ውስጥ አስገባች። ጀርባዋ ላይ ባለው ሕፃን ክንድ ላይ ያለች የሥጋ እጥፋት ታክል ነበር። ያን ጊዜ አለቀሰች።

አንገቱ የታጠፈ ቴላዮ ይቆረጣል። ይህ የሁሉም ሕግ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም፣ ቆሻሻ ውስጥ ያገኘው የሠፈር ጎረምሳ እንኳ እንዳይጋልበው፣ ባለቤቱ በገዛ እጁ ይቆርጠዋል። ቴሩሂኮ ክንዱ ታስሮ መጋዝ መያዝ ስላልቻለ፣ መምህሩ ካጂዋራ «ለእኔ ተወው» አለና ወሰደው። ቴሩሂኮ ከሆስፒታል ወጥቶ መምህሩን ጠይቆ ሲመለስ፣ ጫማውን እያወለቀ፣ «ተቆርጧል» አላት። ሌላ አላለም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ካጂዋራ ሰማንያ ሊሞላው ነው። እግሮቹ ከመጋለብ ብዛት እንደ ቀስት ተቀልብሰዋል። ቴሩሂኮን ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ያሠለጠነው፣ በጎማ መንፊያ እየመታ ያሳደገው፣ የዳረው እሱ ነው። በቀብሩም ከሚስቲቱ በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለቀሰ እሱ ነው። ያንን ሚሳኦ አልረሳችም። እናትና ልጅ ሲደርሱ ሳሎኑ ውስጥ ዶይም ተቀምጧል። ዶይ ከቴሩሂኮ ጋር በአንድ መምህር ሥር ያደገ፣ አሁን ብስክሌት ጠግኖ የሚያድር፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

«አንተ ጭን» አለው ሹሄይን ገና ከበሩ፣ «ጭንህ ደህና አደረ?»

«ደህና አደረ፣ ጋሽ ዶይ።»

«ጭንቅላትህስ?»

«እሱን አልጠየቅኩትም።»

«ጎበዝ! ተወዳዳሪ መሆንህ ነው።»

የካጂዋራ ሚስት ሻይና በጨው የታሸ ጎመን አቅርባ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ሚሳኦ የምስጋናውን ፖስታ በሁለት እጇ አቀረበች። ሽማግሌው በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ግንባሩን አስነክቶ፣ ለሞቱ አባቶቹ መታሰቢያ ባቆመው ጥቁር ሣጥን ውስጥ ከሻማው አጠገብ አኖረው። ፖስታ እዚያ ከወጣ ነገር አልቋል፤ ቴላዮው የተቀባዩ ነው። ከመምህር እጅ ቴላዮ ሲወሰድ ዋጋ አይጠየቅም፣ ተገልብጦ አይታይም፣ ከሁሉም በላይ መጣመሙን ለማወቅ ክር አይዘረጋበትም። ሰግዶ፣ በቀኝ ትከሻ ተሸክሞ መውጣት ነው። ከገበያ የሚገዛውን ቴላዮ በአጉሊ መነጽር የሚመረምር ሰው፣ ከመምህሩ የተሰጠውን ዓይኑን ጨፍኖ ይጋልባል። ኩሩሜ ውስጥ በጠብ ከተጎዳው በጨዋነት የተጎዳው ይበልጣል።

ካጂዋራ ግድግዳው ጥግ የተሸፈነውን ነገር ጨርቁን ገፈፈለት። ቴላዮው ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ቀለሙ እንደ ውሃ ያበራል። ከእንጨት ማቆሚያው ላይ ሊበር ያኮበኮበ ይመስላል።

«ልኩን እየው» አለ ሽማግሌው። «ላንተ የተሰፋ አይመስልም?»

«ለማን ነበር የተሰፋው?» አለች ሚሳኦ።

«እ?»

«ሰው ሳይለኩ ቴላዮ አይሠራም። የማን እግር ነው?»

«የጥንት ሰው ነው። ውድድሩን ትቷል።»

«ስም የለውም?»

ዶይ ጎመኑን አብዝቶ ጎረሰ። ይህን ሰው ሚሳኦ አፉን በምግብ ሲዘጋ አይታው አታውቅም። ቦርሳዋን ከፈተችና ከፋብሪካው ያመጣችውን በሰም የታሸ የጫማ ክር አወጣች።

«ጋሽ ዶይ፣ ይህችን ጫፍ ይያዙልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«ክር ነው።»

«ክርነቱንማ አየሁ። ሱሪ ልትሰፊልኝ ነው?»

«እማዬ» አለ ሹሄይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጆሮው ቀልቷል።

ካጂዋራ የሻይ ስኒውን አስቀመጠ። «ሚሳኦ፣ በዚህ ቤት ክር ተዘርግቶ አያውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«ባልሽ ከዚህ ቤት ስንቱን ቴላዮ ተሸክሞ ወጥቷል። አንዱንም ገልብጦ አላየም።»

«እሱንም አውቃለሁ፣ መምህር። ክሩን ይዤ የመጣሁት ለዚያ ነው።»

ሚሳኦ በንዴት መካከል አክብሮቷን አትጥልም፤ «እርስዎ» ብላ ነው የምትወጋው። ሽማግሌው ፊቱን ወደ ጓሮው አዞረ። ዶይ አንዴ መምህሩን፣ አንዴ ክሩን አየ። ከዚያ እጁ ብቻውን ተነሣ፤ ዕድሜውን ቴላዮ ሲለካ የኖረ እጅ ነውና ክር እያየ መቀመጥ አልቻለም። ክሩን ከኋላው ቸርኬ መግቢያ በግራ በኩል አስሮ፣ በመሪው አንገት ላይ አዙሮ፣ በቀኝ በኩል መልሶ ወጠረው። ከዚያ በክሩና በመቀመጫው ቱቦ መካከል ያለውን ክፍተት ግራና ቀኝ በማስመሪያ ለካ። ደግሞ ለካ።

«እኩል ነው» አለ። «ፀጉር አያስገባም።» ፊቱ ላይ እፎይታ ታየ፤ የተገረመም ይመስላል።

ካጂዋራ አልዞረም። «ጠገብሽ?»

ሹሄይ እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ አቀርቅሯል። «እማዬ፣ ይቅርታ ጠይቂ» አለ። «እባክሽ።»

ሚሳኦ ክሩን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሕጉን አፍርሳለች፣ ክሩም አሳፍሯታል፤ ከዚህ ወዲያ ግራ ቀኝ የለም። ተንበርክካ፣ መዳፎቿን ዘርግታ፣ ግንባሯ ምንጣፉን እስኪነካ ሰገደች። «አጥፍቻለሁ፣ መምህር» አለች። ጥርሷ ግን ገጥሞ ነበር።

ቀና ስትል ፊቷ ከቴላዮው ሥር ሆነ። የጓሮው ብርሃን በሰፊው መስኮት ገብቶ የቱቦውን ሆድ ከታች ያበራዋል። በሌላው ቦታ ብርሃኑ እንደ ምላጭ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንገቱ ሥር ሲደርስ ግን ትንሽ ዋኘ፤ ውሃ ላይ እንዳለ ክር ተወዛወዘ። ቆሞ ወይም ተቀምጦ የሚያይ ሰው አያየውም። የሚያየው የሰገደ ብቻ ነው።

እጇን ዘርግታ ጣቷን አስቀመጠች። እጥፋቱ ተሞልቷል፣ ተለስልሷል፤ ግን ጣቷ ቦታውን ያውቀዋል። እንደ ዳነ ቁስል ጠባሳ ነበር። ንዴቱ ከእግሯ ጀምሮ ወጣ።

የቤቷን ቁልፍ አውጥታ ቀለሙን ፋቀችው።

«ምን እያደረግሽ ነው!» ሹሄይ ዘሎ ተነሣ።

አረንጓዴው ተላጠ። ከሥሩ ግራጫ ስቱኮ ረገፈ፤ የአሮጌ መኪና በር ላይ የሚለጠፈው ዓይነት ስቱኮ። ምንጣፉ ላይ ዱቄት ሆነ። ከስቱኮው ጠርዝ ላይ ቀጭን የሐምራዊ ቀለም መስመር ወጣች።

ካጂዋራ አልተቆጣም። ሲዞር ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አወቅሽው» አለ። «ከፈተናው በኋላ ልነግራችሁ ነበር ያሰብኩት። ሹሄይ፣ የአባትህ ነው። የሕይወቱን ትልቅ ድል ያገኘበት ነው።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ ሐምራዊዋን መስመር በጣቱ ነካት።

«ተቆርጧል ተብሎ ነበር» አለች ሚሳኦ።

«መጋዙን ይዤ ቆሜ ነበር። ቴላዮ ሠሪው ሂራካታ የሠራው ምርጡ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና እንደዚያ ያለ ዳግም አልሠራም። እጄ አልታዘዝ አለኝ። መልሼ ለሂራካታ ወሰድኩት፤ አቃናው። ክሩን አላየሽም? ፀጉር አያስገባም።»

«ሂራካታ ግን…» አለ ዶይ።

«ዶይ» አለው ሽማግሌው።

«ሂራካታ ምን?» አለች ሚሳኦ። «ጋሽ ዶይ፣ ዛሬ ጎመኑ አልቋል። ይናገሩ።»

ዶይ ባዶውን ሳህን ተመለከተ። «ይሰቀል እንጂ አይጋለብ ነበር ያለው።»

«ያ ስንት ዘመኑ ነው» አለ ካጂዋራ። «ብረቱ አርፏል።»

«ብረት አያርፍም፣ መምህር» አለ ዶይ፣ ከሳህኑ ቀና ሳይል።

«ለፈተናው ብቻ ነው ያልኩት! ጥቂት ዙር ነው። አባቱ አብሮት እንዲሆን፣ ተሸክሞ እንዲያሳልፈው…»

«አባቱ አመድ ሆኗል» አለች ሚሳኦ። ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ሹሄይ ይህን ድምፅ ያውቀዋልና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ከእሳቱ የተረፈውን አጥንቱን በቾፕስቲክ ለቅሜ ማሰሮ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። የሚሸከምበት ትከሻ የለውም። ልጄን የሚሸከመው ይህ ነው።» ከምንጣፉ ላይ የስቱኮውን ዱቄት በጣቷ ዘግና ጠረጴዛው ላይ፣ ከሽማግሌው ስኒ አጠገብ በተነችው። «በዚያ ግድግዳ በመሰለ ኩርባ ላይ፣ ሌሎች ከኋላው እየተንጋጉ፣ ልጄን በዚህ ላይ ሊያስቀምጡት ነበር። በቀብሩ ቀን ከእኔ በላይ ጮኸው አለቀሱ። ያን ቀንም ይህ ጎተራዎ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር።»

«ቴሩ ያውቅ ነበር» አለ ካጂዋራ።

ሚሳኦ እጇ እንደተዘረጋ ቀረ።

«እኔ አልደበቅኩትም። ከሆስፒታል እንደወጣ አሳየሁት። 'ይሰቀል፤ ተቆርጧል ብዬ እነግራታለሁ' አለኝ። ከዚያ በኋላ ሲያልፍ ሲያገድም ይገባና ከሥሩ ይቀመጥ ነበር። በጨርቅ ይወለውለዋል። ከመታመሙ በፊት እንኳ መጥቷል። ዶይን ጠይቂው።»

ዶይ ራሱን ነቀነቀ።

በዚህ ነገር ለመናደድ ቦታ አልነበራትም። ሽማግሌው ላይ መናደድ ቀላል ነው፤ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። ያኛው ግን ጫማውን እያወለቀ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ «ተቆርጧል» ብሏት ሄዷል። ጠብ የሚፈራ ሰው ውሸት አይፈራም። ከዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሩዝ እየበላ «እንትን እኮ አልተቆረጠም» ቢላት ምን ነበረበት? ትጮኽበት ነበር። አዎ፣ ትጮኽበት ነበር። ጮኻ ይበቃት ነበር።

ሹሄይ ቴላዮውን ከማቆሚያው አንሥቶ ደረቱ ላይ አቀፈው። «እማዬ» አለ፣ «አልጋልበውም። በአባቴ አጥንት አልጋልበውም። የተዋስኩትን ይዤ እፈተናለሁ፤ ጉልበቴ አገጬን ይምታኝ። ብቻ ቤታችን ይሰቀል።»

«አባትህም ይሰቀል ነው ያለው።»

«እኔ እኮ…»

«ተሰቅሎ ነበር፣ ሹሄይ። ይኸው ወርዶ ቀለም ተቀብቶ ለፈተና ቀረበልህ። የተሰቀለ ነገር አንድ ቀን ይወርዳል። አንተ ባታወርደው ልጅህ ያወርደዋል። 'የአያቴ ነው' ብሎ ያወርደዋል፤ ከሥሩ ማንም አይሰግድም።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «መምህር፣ መጋዝ ያውሱኝ።»

ካጂዋራ ቀና አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ጠነከረ። «የሌላ ሰው ቴላዮ አይቆረጥም። ይህም ሕግ ነው። ቤቴ ውስጥ ያለ ንብረቴ ነው።»

ሚሳኦ በአገጯ ወደ ጥቁሩ ሣጥን አመለከተች። ፖስታው ከሻማው አጠገብ እንደ ነጭ ምላስ ወጥቶ ይታያል።

«በሁለት እጅዎ ተቀብለው፣ ግንባርዎን አስነክተው እዚያ አኑረውታል» አለች። «ገዝተነዋል።»

ዶይ ሳያስበው ሳቀ፤ ወዲያው አፉን በመዳፉ ያዘ። ሽማግሌው ፖስታውን አየ። መልሶ ቢያወጣው ከአባቶቹ ፊት የተቀበለውን መንጠቁ ነው፤ ይህን ያደረገ ሰው በዚያ ከተማ አልተሰማም። ተነሣና ወደ ጓሮው መራቸው።

ጎተራው ውስጥ የሥራ ጠረጴዛ ላይ የታሰረ፣ ብረት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ አለ። ካጂዋራ የብረት መጋዙን ከግድግዳው አወረደ፤ ግን ለሚሳኦ አልሰጣትም። «እቆርጠዋለሁ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ልቁረጠው።»

«ያ ያኔ ነበር» አለችና ከእጁ ወሰደችው።

ዶይ ቴላዮውን ሞርሳው ላይ አጥብቆ አሰረላት። መጋዙን እጥፋቱ ላይ አስቀምጣ ገፋችው። ተንሸራትቶ ቀለሙን ላጠ። ደግማ ገፋች፤ ዘለለባት። ሦስተኛውን በሙሉ ክብደቷ ስትጫነው ብረቱ ጮኸ፤ ጓሮው ውስጥ የነበሩ ወፎች ተነሡ።

«አትጫኚው» አለ ዶይ። «ቀስ ብለሽ፣ ራሱ ይበላል።»

«እንዴት እንደምናደድ አያስተምሩኝ» አለችው፤ ግን ቀስ አለች። መጋዙ ብረቱን ያዘ። አረንጓዴ፣ ግራጫና ሐምራዊ ዱቄት ጫማዋ ላይ ዘነበ። ግማሽ ሲደርስ ክንዷ ዛለ። ቆም አለች፤ ቀጠለች፤ ደግማ ቆመች። ማንም ልርዳሽ አላላትም። እንዲህ ባለ ፊቷ ላይ ማን ይደፍራል?

ሹሄይ እስካሁን ጀርባውን ሰጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መጣና እጁን ዘረጋ። አላየችውም፤ መጋዙን ብቻ ለቀቀችለት። ልጁ በረጅም፣ በእኩል ግፊት ቆረጠ። ሲያለቅስ ድምፅ አልነበረውም፤ አፍንጫውን በትከሻው ይጠርግና ይቀጥላል። ቱቦው ድንገት ሲለያይ መጋዙ በባዶ አየር ሄደና ሊወድቅ ነበር።

ዶይ ጎንበስ ብሎ የተቆረጠውን አፍ ወደ ብርሃን አዙሮ አየ። በጥፍሩ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ተከተለ፤ ጥፍሩ ከእጥፋቱ አልፎ ሄደ፣ ደግሞም ሄደ። ከዚያ ለካጂዋራ አሳየው። ሽማግሌው አየና በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ሚሳኦ ምን እንዳዩ አልጠየቀችም።

«ደህና ይዋሉ፣ መምህር» አለች። ሰገደችለት፤ እንደ ሕጉ፣ ከወገቧ። ካጂዋራ ከባልዲው አልተነሣም። አላዘነችለትም። ምናልባት አንድ ቀን ታዝንለት ይሆናል፤ ዛሬ ግን አልነበረም።

ዳገቱን ሲወርዱ ሹሄይ የተቆረጠውን ቴላዮ በቀኝ ትከሻው ተሸክሞ ከፊቷ ይሄድ ነበር። በአንድ ጎን ብቻ ተያይዞ የቀረው ብረት በእያንዳንዱ እርምጃ ይንቋቋል። ልጁ ከአጥር ላይ የተንጠለጠሉ የካኪ ፍሬዎች ራሱን ሊነኩት ሲሉ ጎንበስ እያለ ያልፋል። የመኸሩን ፈተና በጠባቡ ብስክሌት ይፈተናል፤ ሊያልፍም ላያልፍም ይችላል። ሚሳኦ ይህን ታውቀዋለች። ካላለፈ የሚጠየቀው ማን እንደሆነም ታውቃለች። ይጠይቃት። እሱ ቢያንስ የሚጠይቀው ፊት አለው።

ቤት ሲደርሱ ከልጇ ትከሻ ላይ ወሰደችው። ጫማዋን አውልቃ፣ ቀጥ ብላ የቴሩሂኮ ፎቶ ወዳለበት የመታሰቢያ ሣጥን ሄደችና ከፊቱ ወለል ላይ አስቀመጠችው። የተቆረጠው አፍ ወደ ፎቶው ዞሯል። ቴሩሂኮ በፎቶው ላይ ይቅርታ ሊጠይቅ የተዘጋጀ ይመስላል። በሕይወቱም ፊቱ እንዲህ ነበር።

«ተቆርጧል» አለችው።

ጠዋት ያቀረበችለት ሩዝ በትንሿ ጎድጓዳ ሳህን ቀዝቅዞ ተቀምጧል። አነሣችው። እዚያው ፊቱ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ከፎቶው ሳትነቅል መብላት ጀመረች።

ሹሄይ ከበሩ ቆሞ ያያታል። ዓይኑ አብጧል፣ እጁ ላይ ሐምራዊ ዱቄት አለ።

«ለእኔስ የተረፈ አለ?» አለ።

«ድስቱ ውስጥ አለ» አለች፣ ሳትዞር። «ይህ የአባትህ ነው።»